«እሺ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ልጃቸው ሰስፔንድ ለተደረገባቸው (በቅጣት ለጊዜው ከትምህርት ለታገደባቸው) ወይም «ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስፈልገው ይሆናል» ለተባሉ የአበሻ ወላጆች ነው። አስተርጓሚ ስብሰባ ላይ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የተባለውን ያስተረጉማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እዚያ መናገር ያልቻልኩትን እዚህ ልጻፈው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጣች። የአየር ማረፊያ ባጇ ገና አንገቷ ላይ ነው። በአንድ በኩል አምስት የትምህርት ቤት ሠራተኞች ተቀምጠዋል፣ በሌላው በኩል እሷ ብቻ። ሃያ ምናምን ገጽ ወረቀት ፊቷ አደረጉላት። የሚፈረምበት ቦታ በቢጫ ተቀልሟል። እስክሪብቶውን አነሳችና «እህቴ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። ምን ላይ እንደምትፈርም አልጠየቀችም። ፈረመች።

ስህተት አንድ፦ «እኛ አበሻ ነን፣ ይሄ እኛን አይመለከትም»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ አባት ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰስፔንድ ሲደረግ፣ ኮሪደር ላይ ያዝ አደረገኝና «ከጥቁሮቹ ጋር ስለሚውል ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ልጅህን ስታስመዘግብ ፎርሙ ላይ «አበሻ» የሚል ሳጥን አይተሃል? የለም። ምልክት ያደረግከው «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» የሚለው ላይ ነው። መምህሩም ልጅህን ሲያይ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ አይቆጥርም። የሚያየው አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ልጅ ነው።

ለኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2018 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በ2013–14 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከነበሩት ተማሪዎች ጥቁሮቹ 15.5 በመቶ ነበሩ። ሰስፔንድ ከተደረጉት ውስጥ ግን 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ምክንያቱ ድህነት ነው እንዳንል፣ ልዩነቱ በድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶችም፣ በሀብታም ሰፈር ባሉትም ተገኝቷል። በ2011–12 በተሰበሰበው መረጃ ደግሞ ከቅድመ መደበኛ ልጆች መካከል ጥቁሮቹ 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰስፔንድ ከተደረጉት ውስጥ 48 በመቶ ነበሩ። ስለ አራት ዓመት ሕፃን ነው እኮ የምናወራው።

የጥፋቱ ዓይነትም ይለያያል። ረስል ስኪባና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በምን ምክንያት ወደ ቢሮ እንደሚላኩ ተመለከቱ። ነጮቹ ይበልጥ የሚላኩት ማንም አይቶ በሚመሰክረው ነገር ነው፤ ሲጋራ አጨሰ፣ ዕቃ ሰበረ፣ ሳያስፈቅድ ወጣ። ጥቁሮቹ ደግሞ መምህሩ እንደተሰማው በሚወሰን ነገር፤ አላከበረኝም፣ ይጮኻል፣ አስፈራራኝ። በ2015 ደግሞ ጄሰን ኦኮኖፉዋና ጄኒፈር ኤበርሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች ለመምህራን የአንድ ተማሪን የጥፋት መዝገብ ሰጡ። ለግማሾቹ የጥቁር የሚመስል ስም ጻፉበት፣ ለግማሾቹ የነጭ የሚመስል። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ጥፋት ብዙም ልዩነት አልታየም። በሁለተኛው ላይ ግን የጥቁር ስም ያለው ልጅ ጠንከር ያለ ቅጣት ይገባዋል ተባለ።

አሁን በዚህ ላይ የእኛን አስተዳደግ ጨምሩበት። ቤት ውስጥ ታላቅ ሲናገር አንገትህን ደፋ አድርግ እንላለን። መምህሯ «ሳናግርህ እየኝ» ስትለው ልጁ ይበልጥ አንገቱን ይደፋል። እሷ «እምቢተኛ» ብላ ትጽፋለች። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላትን ነገር እንኳ፣ ልጁ ያፌዝብኛል ብላ ሪፈራል (ወደ ቢሮ የሚላክበት የጥፋት ወረቀት) ላይ ያሰፈረች መምህርት አጋጥማኛለች። ሁለተኛው ሪፈራል ሲመጣ የመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ይጠብቀዋል።

«ከእነሱ ጋር አትዋል» ለምትሉ ወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ጠረጴዛው ጋ የሚሰጣችሁን መብት በፍርድ ቤት ታግለው ካስገኙት መካከል የጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች አሉበት። በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ልጆቻቸው በአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና ብቻ «አእምሮ ዘገምተኛ» ተብለው ለብቻ ክፍል የገቡባቸው ቤተሰቦች ክስ መሠረቱ። ዳኛ ሮበርት ፔክሃም በ1979 ፈረዱላቸው። በካሊፎርኒያ ጥቁር ልጆችን በዚያ ፈተና እየለኩ እዚያ ክፍል ማስገባት ተከለከለ። ያ ክስ ላሪ ፒ ይባላል። ልጆቻችሁ ስሙን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ስህተት ሁለት፦ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

አታድርጉት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ስለ ራሱ የተባለውን ክፉ ነገር ለእናቱ አይነግራትም። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ መብታችሁም ነው። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ አማርኛም አለበት።

ስህተት ሦስት፦ እንግሊዝኛ አለመቻልን ከአካል ጉዳት ወይም ከአእምሮ ችግር ጋር ማደባለቅ

ስህተቱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ነው፣ እኛ ግን ዝም ብለን እናጸድቀዋለን። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከኢትዮጵያ ከመጣ ሰባት ወሩ ነበር። እርሳስ ያኝካል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ አንድ ቀን ደግሞ የክፍል ጓደኛውን በቡጢ መታ። ሪፖርቱ ላይ «ያለምንም ምክንያት መታ» ተብሎ ተጽፏል። የስሜት መታወክ እንዳለበት ምዘና ይደረግለት አሉ። እናቱ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ልትፈርም ስትል፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጁን ራሱን እንጠይቀው አለች። አስገቡት። በአማርኛ ምን ሆነህ ነው የመታኸው ሲባል፣ በጣቱ አንገቱ ላይ ያለውን ጥቁር ክር ነካ አደረገና «ማተቤን ጎተተው» አለ። እናቱ ማልቀስ ጀመረች። ልጁ ክርስትና ሲነሳ አያቱ ያሰሩለት ማተብ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በአማርኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1975 ወጥቶ በ1990 አይዲኢኤ የተባለው፣ የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ስላለባቸው ልጆች ትምህርት የሚደነግገው የፌዴራል ሕግ፣ ምዘናው በልጁ ቋንቋ እንዲደረግ፣ በዘርና በባህልም እንዳያዳላ ያዛል። ለውሳኔው ዋናው ምክንያት እንግሊዝኛ አለመቻሉ ወይም በደንብ አለመማሩ ከሆነ፣ ልጁ የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር አለበት ሊባል አይችልም። ይሄም በክስ የመጣ ነገር ነው። በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘጠኝ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው ዘገምተኛ ተባሉ። በቋንቋቸው እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ አለፉ። አማርኛ የሚናገር መዛኝ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ።

ስህተት አራት፦ ፈርቶ ሁሉንም «እምቢ» ማለት

እስካሁን ያልኩትን አንብባችሁ ነገ ሄዳችሁ «ልጄን አትንኩብኝ» እንዳትሉ። ይሄኛው ስህተት ሲሠራ ሳይ አዝናለሁ እንጂ አልቆጣም፣ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁና። «ሰው ምን ይላል?» ከሚለው ነው። አንድ አባት «ልጄ እብድ አይደለችም» ብለው ሁለት ዓመት እምቢ አሉ። ልጅቷ ማንንም አታስቸግርም ነበር። ዝም ብላ ኋላ ትቀመጣለች፣ ፊደሎቹ ግን ይምታቱባታል። በመጨረሻ ሲፈርሙ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። በዓመቱ ደውለው «ሬስቶራንት ገብተን ሜኑውን ራሷ አነበበችልኝ» አሉኝ።

በ2015 የነፖል ሞርጋን ጥናት፣ በትምህርት ውጤት እኩል የሆኑ ልጆች ሲነጻጸሩ ጥቁሮቹ የልዩ ፍላጎት ድጋፉን የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ በሥራዬ ሁለቱንም አይቻለሁ። የሚጮኸው ልጅ ቶሎ ስም ይለጠፍበታል፣ ዝም የምትለው ደግሞ ትረሳለች። ለምዘና መፈረም ለአገልግሎቱ መፈረም አይደለም። መጀመሪያ አስመዝኑ፣ ውጤቱን እዩ፣ ካላመናችሁበት በትምህርት ቤቱ ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም መጠየቅ ትችላላችሁ። ራሳችሁም ምዘና መጠየቅ ትችላላችሁ።

ስህተት አምስት፦ የምድቡን ስም አለመጠየቅ

ይሄኛው የእኔም ስህተት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት «ኢሞሽናል ዲስተርባንስ» (የስሜት መታወክ) የሚለውን፣ ልጁ የሚመደብበትን የችግር ዓይነት ስም፣ ለአንዲት እናት «ትንሽ ይረበሻል» ብዬ አስተረጎምኩላት። እንዳይከፋት ብዬ ነው። ፈገግ ብላ «ወንድ ልጅ አይደል፣ ይረብሻል» አለችና ፈረመች። ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ለብቻው ክፍል ገባ። ያንን ፊርማ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አላለሰልስም።

እናንተም ሦስት ነገር ጠይቁ። የምድቡ ስም በትክክል ምንድን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ከሌሎቹ ልጆች ተለይቶ ይቆያል? ከዚያ የሚወጣው ምን ሲያሟላ ነው? አይኢፒ የሚባለው፣ ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጀው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል፣ ምዘናውም ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ ሊደገም ይገባል። እዚያው ካልገባችሁ «አይ ዊል ቴክ ኢት ሆም» በሉ። ቤት ወስጄ ላንብበው ማለት ነው። ማንም አይከለክላችሁም።

ስህተት ስድስት፦ ልጁ ሳይሰማ ይቅርታ መጠየቅ

መምህር እናከብራለን። ጥሩ ነው። ግን ክፍሉ ውስጥ ገና ሳትቀመጡ «ይቅርታ፣ እኔ ቤት እቀጣዋለሁ» ስትሉ፣ ልጁ አጠፋ ብላችሁ ፈርዳችኋል ማለት ነው። እነሱም ይጽፉታል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረታችን እዚህ ቦታ አይሠራም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ጎስ እና ሎፔዝ በተባለው መዝገብ፣ ለአጭር ቀን ሰስፔንድ የሚደረግ ተማሪ እንኳ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረውና የራሱን ሊናገር ይገባል ብሎ ወስኗል። መጀመሪያ «ልጄ ምን አለ?» በሉ።

ስህተት ሰባት፦ «መጥታችሁ ውሰዱት» ሲባል ዝም ብሎ መውሰድ

ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሥራ ቦታ ይደወላል። «ዛሬ ተረብሿል፣ ብትወስዱት ይሻላል።» ወላጅ ፈረቃውን ጥሎ ይሮጣል። ወረቀት የለም፣ ሰስፔንሽን የሚል ቃል የለም። ልጁ ግን ከትምህርት ቀርቷል። ደዋዩን «ይሄ ሰስፔንሽን ነው? ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ» በሉት።

ለምን መሰላችሁ? አይኢፒ ያለው ልጅ በዓመቱ በተደጋጋሚ ከክፍል እየተወሰደ ከ10 የትምህርት ቀን ሲያልፍ፣ ትምህርት ቤቱ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ሊሰበሰብ ይገባዋል። ጥፋቱ ከልጁ ችግር የመጣ ነው ወይስ አይደለም? ዕቅዱ በትክክል ሳይፈጸም ቀርቶ ነው ወይ? ከሁለቱ አንዱ አዎ ከሆነ፣ እንደ መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ካሉ ከባድ ጉዳዮች በቀር ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ያልተመዘገበ ቀን ግን ሳይቆጠር ይቀራል።

ሊፍት (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) የሚነዳ አንድ አባት ይሄን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። አንድ ስብሰባ ላይ ከአበሻ ግሮሰሪ በነፃ የሚሰጠውን፣ የኛና የፈረንጅ ቀን አብሮ የታተመበትን የግድግዳ ካላንደር ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ሰስፔንድ የተደረገው አራት ቀን ነው» አለ። አባትየው ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ውሰደው» የተባለበትን ቀን ሁሉ በቀይ ከቦታል፣ አጠገቡ የተደወለበትን ሰዓት ጽፎበታል። ምክትሉ አማርኛውን ማንበብ አልቻለም። ቀዮቹን ክቦች ግን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አሥራ ሦስት ሆኑ። ወዲያው ከ10 ቀን ሲያልፍ መደረግ ላለበት ለዚያ ስብሰባ ቀን ተቆረጠ።