ለቀድሞ አለቃ ምስጋና እንዴት ይቀርባል?

ደግ የነበሩ የቀድሞ አለቃዎን ለማመስገን ሲነሡ በመጀመሪያ አንድ የተለየ ቀን አስታውሰው ይጻፉ፤ «ጥሩ ሰው ነበሩ» የሚለው ቃል ብቻውን ለማንም ሊባል ይችላል። እኔ ደሴ ሳለሁ አለቃዬ ለነበሩት ሰው ስጽፍ የጀመርሁት፣ የተሳሳተውን የሒሳብ መዝገቤን በሰው ፊት ሳያነሡ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛዬ ስበው በእርሳስ መስመር በመስመር ካረሙልኝ ምሽት ነው። ደብዳቤው በእጅ ቢጻፍ ይመረጣል። በሕይወት ካሉ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ ቢኖሩ ከደሴ ሩቅ አይደለምና፣ ደውለው ቀን ከቀጠሩ በኋላ ቡናና ስኳር ይዘው ይሂዱ። በወሎ ቡና ከምርቃት ጋር ስለሚጠጣ በረካው ሳይደርስ ለመነሣት አይቸኩሉ። ደብዳቤውን ልጆቻቸው ባሉበት ቢያነቡላቸው እጅግ መልካም ነው፤ ልጆች አባታቸው በሥራ ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ብዙ ጊዜ አያውቁም። ካረፉም ለቤተሰቡ ያስረክቡ።