ባለቫልቭ አምፕ መብራት ሲመጣ ፊውዝ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?

«ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ጧ አለና ጠፋ።» ባለቫልቭ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በሚሞቁ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሁሌም የሚለኝ ይህንኑ ነው። ባለፈው የመጡትን ጋሼ፣ «እርስዎ ሲያበሩት ነው ወይስ መብራት ሄዶ ሲመለስ?» አልኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ «ለካስ ሲመለስ ነው» አሉ። አዳማ ላይ በሽታው ግማሹ እዚህ ጋ ነው።

ምልክቱ

ፊውዙ አምፑ እንደበራ ወዲያው፣ ያውም አንዳንዴ ብቻ ከተቃጠለ፣ የመነሻ ከረንትን (ሲበራ ለቅጽበት የሚጎርሰውን) ጠርጥሩ። ቫልቮቹ ከሞቁ በኋላ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአውትፑት ቫልቮቹን እዩ። የፊውዙ ብርጭቆ ከጠቆረ ወይም እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ሾርት አለ ማለት ነው።

ለማረጋገጥ 100 ዋት የድሮ አምፖል (ኤል ኢ ዲ አይሆንም) ከአምፑ ጋር በሲሪየስ አገናኙ። ቦግ ብሎ ከፈዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ሾርቱን ፈልጉ፤ የሚከተለው አይጠቅማችሁም።

ምክንያቱ

ሲበራ ሁሉም አንዴ ይጎርሳል። ኢ ኤል 34 ቫልቭ ፊላመንቱ (የሚያሞቀው ሽቦ) ከሞቀ 1.5 አምፔር ይበቃዋል፤ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ ብዙ እጥፍ ይስባል። ትራንስፎርመሩም፣ በተለይ ክቡ፣ ከ50 ሄርዙ ሞገድ በመጥፎው ቅጽበት ከተነሳ ኮሩ (የውስጥ ብረቱ) በማግኔት ይሞላና ከረንቱ ይዘላል። «አንዳንዴ ብቻ» የሚሆነው ለዚህ ነው። ባዶ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅመው) ደግሞ ለቅጽበት ከሾርት አይለይም።

የቫልቭ ሬክቲፋየር (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ካፓሲተሩንም ቀስ ብሎ ይሞላዋል። ግን መብራት ሄዶ ቶሎ ቢመለስስ? ሬክቲፋየሩ ገና ትኩስ ነው፤ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኗል። ያኔ ነው ውስጡ ብልጭ የሚለው።

መፍትሄው

ፊውዙ በአምፑ ላይ የተጻፈው መጠን፣ ዘግይቶ የሚቆርጠው «ቲ» ዓይነት ይሁን። የሲጋራ ብርማ ወረቀት የጠቀለለ ሰው ትራንስፎርመሩን ፊውዝ አደረገው ማለት ነው።

ቀላሉ ኤን ቲ ሲ፣ ማለትም ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚወርድ ሬዚስተር፣ ነው፤ በፌዙ ላይ በሲሪየስ ይገባል። ቀዝቃዛ ሳለ ይገድባል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። ሲሠራ ጣት ያቃጥላልና ከሽቦና ከካፓሲተር አርቁት። ድክመቱ ደግሞ ለመቀዝቀዝ ጊዜ መፈለጉ ነው። መብራት በአምስት ሰከንድ ከተመለሰ ምንም አይከለክልም።

የተሻለው 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተርና ከሁለት ሰከንድ ገደማ በኋላ እሱን የሚዘልለው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። የ220 ቮልት ጫፉ 311 ስለሆነ ከረንቱ ከ7 አምፔር አይበልጥም። ሪሌዩ መብራት ሲሄድ ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ ከኤን ቲ ሲው አይሻልም።

እኔ የምመርጠው ግን ኤን ቲ ሲ ከፍሪጅ ዲቫይደር ጋር ነው። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስነሳው ዓይነት። በዚያ መሃል ሁሉም ይቀዘቅዛል።

አምፑን ከመንካታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት፤ ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፋችሁ በሜትር ለኩ። ተነቅሎም ቢሆን ከ400 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል።

የጋሼን አምፕ ስከፍተው ሬክቲፋየሩ ጂ ዜድ 34 ነው። ለሱ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ60 ማይክሮፋራድ ማለፍ የለበትም። አንዱ «ድምፁ ይወፍራል» ብሎ 220 ገጥሞበታል! በ47 ቀየርኩት። በማግስቱ ዲቫይደር ይዘው መጡ። ከፍሪጃቸው ነው የነቀሉት። ለፍሪጁም ሌላ ይግዙ አልኳቸው።