አዳማ ታክማችሁ የተጎዳችሁ፣ አሁን ሀዋሳ ያላችሁ፦ ክሱን እንዴት ታስኬዱታላችሁ

ብዙ ሰው ኑሮዬን ሀዋሳ ካደረግኩ ክሱንም እዚሁ አቀርባለሁ ብሎ ያስባል። አይሆንም። የህክምና ስህተት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ የደረሰበት ወይ ተከሳሹ ያለበት ቦታ ነው፣ ሆስፒታሉም ሀኪሙም አዳማ ከሆኑ ጉዳያችሁም አዳማ ነው። እናንተ ከቀበሌ መሸኛ አውጥታችሁ ብትመጡም ክሱ አብሯችሁ አይሸኝም።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። ፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2143 ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ነገሩ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዛ ከረዘመ ረጅሙ ይሰራል፣ አንዳንድ ጠበቃም የህክምና ውል ነው ብሎ በዚሁ ህግ ቁጥር 1845 የ10 ዓመቱን ይከራከርበታል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በሱ ተማምናችሁ አትተኙ፣ 2 ዓመት ብቻ እንዳላችሁ አስባችሁ ሩጡ። ጤና ቢሮ ቅሬታ አስገብቻለሁ ብላችሁም እንዳትቀመጡ።

ከዛ ካርዱ። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆማችሁ በቃል ብትጠይቁ "ካርዱ አልተገኘም፣ ሰኞ ተመለሱ" ነው፣ ከሀዋሳ ሄዳችሁ ደግሞ ሰኞን መጠበቅ አትችሉም። ስለዚህ ማመልከቻ ፃፉ፣ የካርድ ቁጥርና የተኛችሁበትን ቀን አስገቡበት፣ በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ውሰዱና በእጃችሁ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቱበት። ይቺ ማህተም ያለባት ወረቀት በኋላ ፍርድ ቤቱ ካርዱ ይቅረብ ብሎ እንዲያዝ ስትጠይቁ ትጠቅማለች። የኦፕሬሽን ኖት፣ የላብ ውጤት፣ ኤክስሬይ፣ የሪፈር ወረቀት ሁሉንም ጠይቁ። ከኦፕሬሽን በፊት ፈርመሻል ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ ፊርማው ለህክምናው መስማማት እንጂ ለጥንቃቄ ጉድለት ይቅርታ አይደለም።

ሀዋሳ ላይ የምትሰሩት ደግሞ አለ። ሪፈራል ሆስፒታል ሄዳችሁ አሁን ያላችሁበትን ሁኔታ በፅሁፍ አስወጡ፣ የአካል ጉዳት ካለ በመቶኛ የሚገልፀው የህክምና ቦርድ ነው። ህመሙ ስላልዳነ ብቻ ሀኪሙ አጥፍቷል አይባልም፣ ቁጥር 2031 የሚያየው የሙያውን ደንብ ጥሶ እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሀኪም "እዚህ ጋ መደረግ የነበረበት አልተደረገም" ብሎ ካልፃፈ ይከብዳችኋል። ጥፋቱ የተቀጣሪ ሀኪም ወይ ነርስ ከሆነ በቁጥር 2651 ሆስፒታሉም ይጠየቃል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ክሰሱ።

አንድ የምትረሳ ነገር፣ እናንተ ሲዳማ ተከሳሹ ኦሮሚያ ነዋሪ ሲሆን በተለያየ ክልል ነዋሪዎች መካከል ያለ ክርክር ስለሆነ የፌዴራል ጉዳይ ነው የሚባለው፣ በሕገ መንግስቱ አንቀፅ 80 ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱን ስልጣን የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይዞታል፣ እና ወረዳ ፍርድ ቤት ከፍታችሁ ስልጣን የለኝም ተብሎ ወራት እንዳይበላ ጠበቃችሁ ቀድሞ ያጣራ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤት የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የአዳማ ጠበቃ ብትይዙ ይሄም ይቀላል። በየቀጠሮው መመላለስ ካቃታችሁ ለባል፣ ለሚስት፣ ለወንድም ወይ ለልጅ ውክልና መስጠት ይቻላል። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላችሁ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሥነ ሥርዓት ህጉ ቁጥር 467፣ አመልክቱ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የህግ ትምህርት ቤትም ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣል።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። የሞራል ካሳ በቁጥር 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም፣ አዎ አንድ ሺ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ህግ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ የወጣባችሁ ወጪና የቀረባችሁ ገቢ ላይ ነው። የመድሀኒት ደረሰኝ፣ ከስራ የቀራችሁበት የመስሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለህክምና የተመላለሳችሁበት የመናኸሪያ ትኬት ሳይቀር አንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ።