የድሮውን አምፖል አትጣሉት

ባለ ክሩ አምፖል ለመብራትነት ጊዜው አልፎበታል፤ በዚህ አልከራከርም። 100 ዋት ብትሰጡት ብርሃን የሚያደርገው ከ10 ዋት ያነሰውን ነው። የቀረው ሙቀት ነው። ኒዮንም፣ ያቺ ብርቱካንማዋ ትንሽ ጠቋሚ መብራት፣ ብትሆን ዛሬ የምትታየው በቴስተር ካቻቪቴ እጀታ ውስጥና ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው። እኔ ግን ውሎዬ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየርና ቻርጀር መጠገን ነው፤ ሁለቱን ከጠረጴዛዬ ላይ ብታነሱብኝ እጄን የቆረጣችሁኝ ያህል ነው። ኒዮን ቮልቴጅ መኖሩን ትነግረኛለች። ባለ ክሩ ደግሞ ያ ቮልቴጅ ጉልበት ይኑረው አይኑረው ያሳየኛል። አንዱን ብቻ ያመነ ይሳሳታል።

ከባለ ክሩ ልጀምር። ፊውዝ አቃጥሎ የመጣ ዕቃ ተጠግኖ ሲያልቅ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። ሾርቱ (ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ የሚያልፍበት ብልሽት) አሁንም ካለ የቀየርኩት ዕቃ ሁሉ በአንድ ብልጭታ ያልቃል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በአምፖል በኩል እንዲያልፍ አደርጋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ስፒና፣ አንድ የአምፖል መያዣ፣ አንድ ሶኬትና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል። ከስፒናው የመጣውን ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ) ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ መያዣ፣ ከአምፖሉ ወደ ሶኬቱ ውሰዱት። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) እና የመሬት ሽቦው በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይግቡ። ሁሉንም በሳጥን ዝጉት፤ የተራቆተ ሽቦ ውጭ እንዳይቀር።

አሁን ዕቃውን ሶኬቱ ላይ ሰክታችሁ አብሩ፤ ዓይናችሁ ግን አምፖሉ ላይ ይሁን። ጤነኛ አምፕሊፋየር ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ ይልና ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ያ ብልጭታ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ሲሞሉ ነው። ክሩ ቀይ ሆኖ ቢቀር ወይም ጨርሶ ቢጠፋ ጥሩ ምልክት ነው። ቦግ ብሎ እንደበራ ከቀረ ግን ሾርት አለ፤ አጥፉና ፈልጉ። 220 ቮልት ላይ ባለ 60 ዋቱ ከ0.27 አምፒር በላይ አያሳልፍም፤ ዕቃው ሳይቃጠል ታተርፉታላችሁ። ለቻርጀርና ለትንሽ ሬዲዮ ባለ 40 ዋት፣ ለትልቅ አምፕሊፋየር ባለ 100 ዋት እጠቀማለሁ።

ይህን የሚያደርገው የክሩ ጠባይ ነው። ክሩ ተንግስተን ነው፤ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ባለ 60 ዋት 220 ቮልት አምፖል ሲበራ 800 ኦም ገደማ ነው። ቀዝቅዞ በመልቲሜትር ብትለኩት ግን ከዚያ አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። ዕቃው ትንሽ ሲወስድ ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መንገድ ይለቃል፤ ብዙ ሲወስድ ይሞቅና ይዘጋል። አምፖል ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ልክ ሲበራ የሆነውም በዚሁ ነው፤ ቀዝቃዛው ክር በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ኤልኢዲ አምፖል ይህ ጠባይ የለውምና በቦታው አታስገቡት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ምድጃ፣ ካውያ ወይም የውኃ ማሞቂያ እዚህ ላይ ብትሰኩ ጤነኛም ቢሆን አምፖሉ በደንብ ይበራል፤ ያ ብልሽት አይደለም። የፍሪጅ ሞተርም አይነሳም። ሌላው፣ አምፖሉ የሚያድነው ዕቃውን እንጂ እናንተን አይደለም። 0.27 አምፒር ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ዕቃው ውስጥ እጅ የሚገባው ስፒናው ተነቅሎ ነው።

ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። በካቻቪቴ ሾርት አድርጎ ማውረድ የሚወድ ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ድምፁም ሽታውም አይጥመኝም። የአምፖል መያዣ ላይ ሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች አውጡና የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች ንኩበት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ወርዷል ማለት ነው። ቢሆንም በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ወደ ኒዮን ልለፍ። ትንሿን መስታወት ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ክር የለም፤ መሃሉ ጋዝ ነው። ከ60 እስከ 90 ቮልት ገደማ ሲደርስ ጋዙ ይቀጣጠላል። ሶኬት ላይ ስትነኩ ሁለቱም ብረቶች ብርቱካንማ ይሆናሉ። ሶኬቱ ኤሲ፣ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ፣ ነው። እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚሄደው በዲሲ ላይ ግን የሚበራው ኔጌቲቩ ጋ ያለው ብቻ ነው። ያለ መለኪያ ኤሲና ዲሲን፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ኒዮንን ለምልክት ስትሠሩ ያለ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) በጭራሽ አታገናኙ። አንዴ ከተቀጣጠለች ራሷን መግታት አትችልም፤ ትፈነዳለች። ለ220 ቮልት 220 ኪሎ ኦም ይበቃል። ግማሽ ዋት ግዙ። ሙቀቱ አይደለም ችግሩ፤ ሩብ ዋቷ ትንሽ ሬዚስተር የ220 ቮልቱ መስመር በየቅጽበቱ የሚደርስበትን የ311 ቮልት ጫፍ ለረጅም ጊዜ ላትችል ትችላለች። ከሌለ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም ተከታታይ አድርጉ።

ቴስተር ካቻቪቴ በብዙ ሰው ዘንድ ውሸታም ነው ይባላል። አይዋሽም፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከፌዝ ጎን የተዘረጋ፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሽቦ እንኳ ያበራዋል። ስትጠራጠሩ ባለ 40 ዋቱን አምፖል በዚያ ሽቦና በኒውትራል መካከል አገናኙት። ቴስተሩ በርቶ አምፖሉ ካልበራ ሽቦው ባዶ ነው ወይም አንድ ቦታ ተበጥሷል። አምፖሉ ከበራ እውነተኛ መስመር ነው።

ሌላም አለ። ዕቃ ተሰክቶ አልሠራ ሲል ዕቃው እንደተሰካና እንደበራ ቴስተሩን በዚያው መስመር ባለ ሌላ ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ሞክሩ። ሁለቱም ላይ ከበራ ኒውትራሉ ተቆርጧል። ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ ተመልሶ በሌላኛው ቀዳዳ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊውዝ ሲቀይር ይውላል።

ቴስተሩ አለመብራቱን ግን እንደ ዋስትና አትውሰዱት። ፀሐይ ላይ ብርሃኑ አይታይም፤ የእንጨት መሰላል ላይ ቆማችሁም ሊደክም ይችላል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታውቁት የሚሠራ ሶኬት ላይ፣ ቀጥሎ የምትሠሩበት ላይ፣ መጨረሻም እንደገና የመጀመሪያው ላይ ሞክሩት።

ኒዮን ያለበት ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ኤልኢዲ አምፖል ገጥማችሁ ከጠፋም በኋላ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አምፖሉ አልተበላሸም። በኒዮኗ በኩል የምትንጠባጠበው ኤሌክትሪክ የኤልኢዲውን ካፓሲተር ቀስ እያለች እየሞላች ነው። ዋናውን መስመር አጥፉና ኒዮኗን ከነሬዚስተሯ ቁረጡ፤ ጨለማ ውስጥ ማብሪያውን በዳሰሳ መፈለግ እንደሆነ አያቅታችሁም።