ራም ሲጨመርለት የሚያብድ ካርድ

ኬብሉን፣ ፓወር ሰፕላዩንና የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ሎግ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክቱ፦ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ያለ እንከን የኖረ የፒሲአይ ካርድ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ)፣ ራሙ 8 ሲሆን ዳታው አንዴ ደህና፣ አንዴ ቅጥ ያጣ ይሆናል። እዚህ ጎጃም ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ቡሬ ላይ በቆሎ በካሜራ የሚለይ ማሽን ምስሉ መሀል ጥቁር መቀነት እያወጣ፣ ባለቤቱ ካሜራም ራምም ሲያስቀይር ከርሟል። ጠጋ ብዬ ሳየው የምስሉ አንድ ረድፍ 2048 ባይት ነው፤ መቀነቱም ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ረድፍ ይዞ ይሄዳል። 4096 ባይት፣ ልክ አንድ የሜሞሪ ገጽ፤ ከርነሉ ራሙን የሚከፋፍልበት ቁራሽ። ጎበዝ፣ የሌንስ ብልሽት ገጽ አይቆጥርም!

ምክንያቱ፦ ካርዱ ዳታውን ራሱ በቀጥታ ራም ላይ ይጽፋል (ዲኤምኤ የሚባለው ይህ ነው)፤ የሚያወጣው ግን 32 ቢት አድራሻ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይደርስም። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም) የጻፈው ሰው ግን ከሌላ ካርድ ኮድ ገልብጦ የዲኤምኤ ማስኩን፣ ማለትም ካርዱ ስንት ቢት አድራሻ እንደሚችል ለከርነሉ የሚነገረውን ቁጥር፣ 64 አድርጎታል። አድራሻው ካርዱ ውስጥ ባለው ሬጅስተር (ቁጥር መያዣ) ላይ ሲጻፍ የላይኛው ግማሽ ይቆረጣል። የቤት ቁጥር የፊቱን አሃዝ አጥፍቶ ዕቃ እንደ መላክ ነው፤ ይደርሳል፣ ሌላ ሰው ቤት። ስለዚህ ሥራ ላይ ባለ ማሽን አትሞክሩት፤ ዲስክ ላይ ሊወርድ የተዘጋጀ ፋይል ላይ ሊያርፍ ይችላል። «ራሜ 4 ጊጋ ብቻ ነው» ብላችሁም አትዝናኑ፤ ባዮሱ ለፒሲአይ ቦታ ሲለቅ ከፊሉን ከ4 በላይ ያሻግረዋል።

ለማረጋገጥ በቡት መስመሩ (ከርነሉ ሲነሳ በሚሰጠው ትእዛዝ) ራሙን በ3 ጊጋ ገድቡት። ችግሩ ከጠፋ ይኸው ነው። እንደዚያው ትቶ መሄድ ግን ጥገና አይባልም፤ ሰውየው የከፈለው ለ8 ነው።

መፍትሄው፦ ድራይቨሩ ሲነሳ፣ ባፈር (ዳታው የሚያርፍበት የራም ቦታ) ሳይያዝ በፊት፣ ማስኩን 32 አድርጉ። የሚመልሰው ዜሮ ካልሆነ ድራይቨሩ አልነሳም ይበል። ለካርዱ የሚሰጠው አድራሻ ከዲኤምኤ ማፕ (ባፈሩን ለካርዱ ከሚያዘጋጀው የከርነል ጥሪ) የመጣው ብቻ ነው፤ ፊዚካል አድራሻ በእጁ የሚያሰላ መስመር ካያችሁ ሰርዙት። ከዚያ በኋላ ሩቅ ላይ ያለውን ባፈር ከርነሉ ራሱ ከ4 ጊጋ በታች ባለ መሸጋገሪያ በኩል ይገለብጥላችኋል። ሲፒዩው ከማንበቡ በፊት ሲንክ ካልተደረገ (አዲሱ ዳታ ከመሸጋገሪያው ወደ ባፈሩ ካልተገለበጠ) ግን የምታዩት አሮጌ ምስል ነው።

መሸጋገሪያው ሞላ የሚል መልእክት ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ማፕ ተደርጎ ያልተፈታ ባፈር አለ። የመሸጋገሪያው የተለመደ መጠን 64 ሜጋባይት ነው፤ እሱን ማሳደግ ብልሽቱን ለነገ ማሳደር ነው።

አልፎ አልፎ፦ የድሮ አይኤስኤ ካርድ (ከፒሲአይ በፊት የነበረው ዓይነት) 24 ቢት ነው፣ ከ16 ሜጋባይት አያልፍም። የመጀመሪያዎቹ ራዝቤሪ ፓይ 4 (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ቦርዶች ላይ ደግሞ የፒሲአይ ኤክስፕረሱ ገደብ 3 ጊጋባይት ነው።