በስህተት የጠፋ የኤልቪኤም ዲስክ ሊመለስ ይችላል

ለገጣፎም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ትንንሽ ቢሮዎች ውስጥ የሊኑክስ ሰርቨሩን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ተሳስቶ የኤልቪኤም (ዲስክን ቮልዩም በሚባሉ ክፍሎች የሚያደራጅ የሊኑክስ ሥርዓት) ዲስክ ላይ ዋይፕኤፍኤስ የሚባለውን የማጥፊያ ትእዛዝ ቢያዝ ቮልዩሞቹ ይሰወራሉ። አይዟችሁ፣ ዳታው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ።

ትእዛዙ የሚያጠፋው መለያ ምልክቱን ብቻ ነው። የቮልዩሞቹ ካርታ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ዳታው በተለምዶ ከ1 ሜጋባይት በኋላ ይጀምራል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ። ፎርማትም፣ አዲስ ፓርቲሽንም፣ ምንም!

የካርታው ቅጂ የሰርቨሩ ቅንብር ፋይሎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ስር፣ ኤልቪኤም ፎልደር ውስጥ፣ ባክአፕና አርካይቭ በሚባሉት ውስጥ አለ። ተራ ጽሑፍ ነው። ቶሎ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ከስህተቱ በፊት የተጻፈውን ፋይል ክፈቱና የዲስኩን ዩዩአይዲ (ረጅም መለያ ቁጥር) ያዙ። ከዚያ መለያ ምልክቱን መልሶ የሚጽፈውን ፒቪክሬትን በዚያው ዩዩአይዲና ያንን ፋይል በሚጠቁመው የሪስቶርፋይል አማራጭ እዘዙ። ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፦ ሰርቨሩ ጠፍቶ ዳግም ተነስቶ ከሆነ የዲስኩ ስም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ዲስኮችን በሚዘረዝረው ኤልኤስቢኤልኬ አረጋግጡ፤ መጀመሪያም በቴስት አማራጭ ሞክሩት። ቀጥሎ ካርታውን የሚመልሰውን ቪጂሲኤፍጂሪስቶር፣ ከዚያ ቮልዩሞቹን የሚያስነሳውን ቪጂቼንጅ እዘዙ።

ቮልዩሞቹ ብቅ ሲሉ ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጉና ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። የፋይል ሥርዓቱን የሚጠግነው ኤፍኤስሲኬ ይቆያችሁ። ከተማ ዳር መብራት ድንገት እልም ስለሚል ሥራውን ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ።

ኤስኤስዲ ላይ ዳታውን ራሱን የሚያስወግደው ብሎክዲስካርድ ታዞ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ያኔ ተስፋው የዳታው የቆየ ባክአፕ ነው።