የተንቀራፈፈ ላፕቶፕን በኤስኤስዲ እንዴት ማፍጠን ይቻላል?

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ቫይረስ ገብቶበታል» ነው። ቀጥሎ «ፎርማት ይደረግ» ይመጣል። ፎርማት ይደረጋል፣ ለጥቂት ጊዜ ሻል ይለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ይሆናል። በመጨረሻ «ዕድሜው ነው» ተብሎ አዲስ ላፕቶፕ መጠየቅ ይጀመራል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ዕድሜው ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። እንደ ድሮ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ አለው፤ ፋይል በተፈለገ ቁጥር ክንዱ ወደ ቦታው መሄድ አለበት። ለአንድ ፋይል ብቻ ቢሆን ችግር የለውም። የዛሬው ዊንዶውስ ግን ገና ሲነሳ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። አንቲቫይረሱም፣ አፕዴቱም፣ ብራውዘሩም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ ግን መረጃን ቺፕ ላይ የሚይዝ ስለሆነና የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ወረፋ የለበትም። ለዚህ ነው ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ስክሪን እያለ ዲስኩ ብቻ ሲቀየር ማሽኑ ሌላ የሚመስለው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጊዜ የሚወስደውም ብሎን መፍታቱ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው።

1. ችግሩ ዲስኩ መሆኑን አረጋግጡ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ በግራ በኩል የዲስኩ ስም ይመጣል፤ ከሥሩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ወይም ኤስኤስዲ ተብሎ ተጽፏል። ኤችዲዲ ካለ፣ በተለይ ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰቀለ፣ ምርመራው አልቋል።

ኤስኤስዲ ካለና አሁንም ቀርፋፋ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ዲስክ ላይ አታውጡ። ራሙን (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ) እዩ፤ ወይም ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ማሽኑ እየጋለ ይሆናል።

እዚያው ገጽ ላይ «ሜሞሪ» የሚለውን ንኩ። 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ላፕቶፑ በሚከፈትበት ቀን ራምም ቢጨመር ይመከራል፤ 8 ጊጋባይት ለቢሮ ሥራ በቂ ነው። ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘም እዚያው ይታያል። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይለዋወጡም፤ ማስገቢያቸው ራሱ ይለያያል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መቀየር አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ጻፉ፤ የፕሮሰሰሩን ስም። በኋላ የትኛውን ዊንዶውስ እንደምትጭኑ የሚወስነው እሱ ነው።

2. ትክክለኛውን ኤስኤስዲ ግዙ

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የድሮውን ሃርድ ዲስክ የሚያክለው፣ 2.5 ኢንች የሚባለው ሳታ ነው። ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይቀበላል። ሁለቱ ደግሞ ማስቲካ የሚያህሉት ኤም ዶት ቱዎች ናቸው፤ አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ይሠራል፤ ሁለቱም ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ናቸው። ሲያዩዋቸው በጣም ይመሳሰላሉ። ሳታ ብቻ የሚቀበል ቦታ ላይ ኤንቪኤምኢ ብትሰኩ ግን አይታይም። ስለዚህ ኤም ዶት ቱ ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ማኑዋል እዩ። ካልተማመናችሁ 2.5 ኢንቹን ግዙ። ኤንቪኤምኢ በቁጥር ብዙ እጥፍ ፈጣን ነው፤ ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ግን የዕለት ተዕለት ልዩነቱ ያን ያህል አይታወቅም።

መጠኑስ? 256 ጊጋባይት ለጽሑፍና ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ቪዲዮ የምታከማቹ ከሆነ 512 ይሻላል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚገነቡት ዳታ ሴንተሮች ምክንያት የራምና የኤስኤስዲ ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ዋጋ ይዛችሁ ብትሄዱ ትከራከራላችሁ።

ፌክ ዕቃ ብዙ ነው። ስሙ የማይታወቅ፣ «16 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። አዲስ ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ በእርግጥ አዲስ መሆኑን ለማየት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። አዲስ ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ሺዎች ካሳየ ከሆነ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ነው።

3. ያላችሁን ሁሉ አውጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ዲስኩን እንዳለ ኮፒ አድርጎ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል፤ ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል። እኔ ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ አብሮ ከሚሄድ ዊንዶውስን ከዜሮ መጫን እመርጣለሁ። ያን ስታደርጉ ፕሮግራሞቻችሁ አይከተሏችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከዚያ ወደ ኤክስተርናል ወይም ወደ ትልቅ ፍላሽ ገልብጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ፒክቸርስ የታወቁ ናቸው። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው። ቴሌግራም ያወረደው ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ተቀምጧል። የብራውዘሩ ፓስወርዶችና ቡክማርኮች አሉ፤ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ሲንክ መሆናቸውን (አካውንቱ ላይ መቀመጣቸውን) እዩ። ጥገና ቤቶች ዲስኩን ሲ እና ዲ ብለው መክፈል ስለሚወዱ ዲ ውስጥ የተረሳ የድሮ ፎቶም ሊኖር ይችላል።

የሒሳብ ሠራተኞች ፒችትሪ ካላችሁ ፎልደሩን ጎትቶ መገልበጥን አትመኑት። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ከፋይል ሜኑ ላይ ባክአፕ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎችና የምርምር ጽሑፎች ካሉ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆነው ይታያሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የጎደለው። ስለዚህ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ሙሉውን ገልብጡት። ቦታ አይፈጅም።

ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነም ተመልከቱ። በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የሪከቨሪ ቁልፍ አውጥታችሁ ከላፕቶፑ ውጪ አስቀምጡ። ያለ እሱ የድሮው ዲስክ በኋላ በሌላ ማሽን አይከፈትም።

የገለበጣችሁትን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ። ፎልደሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ከውስጡ ጥቂት ፋይሎች ክፈቱ።

4. የመጫኛ ፍላሽ አዘጋጁ

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን አውርዱና ፍላሹን ምረጡለት፤ ቀሪውን ራሱ ይሠራል። የሚያወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት ወይም በሌሊት ጥቅል አድርጉት። ቢሮ ለቢሮ የሚዞረውን፣ ማን እንደነካካው የማይታወቀውን «የተሻሻለ» ዊንዶውስ አትጫኑ። ቫይረስን ሸሽቶ ቫይረስ ይዞ መምጣት ነው።

የትኛው ይጫን? ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። መሥራት አያቆምም፤ ግን ተጨማሪው የደህንነት ዝማኔ ፕሮግራም ውስጥ ካልተመዘገበ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ያ ፕሮግራምም ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ተብሎ ነው የተከፈተው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ቅድም የጻፋችሁትን የፕሮሰሰር ስም አውጡ። «አይ 5» ካለ በኋላ ያለው ቁጥር 8250 ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው። 6200 ከሆነ 6ኛ ነው፤ አያሟላም።

ለማያሟሉት ማለፊያ መንገዶች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን አይደግፋቸውም። ላፕቶፑ ለኢንተርኔት፣ ለፊልምና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። ነፃ ነው፤ ለአሮጌ ማሽንም ቀላል ነው። ፒችትሪ ለሚሠራበት ሰው ግን አይሆንም።

5. ክፈቱና ቀይሩ

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ስሊፕ አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ጠረጴዛ ላይ ሥሩ፤ ምንጣፍ ላይ አይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ አስወግዱ።

ለብሎኖቹ የሚመጥን ትንሽ ካቻቪቴ ያዙ። ትልቁ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ከሥር ሊወጋው ይችላል። ሁሉንም ፈትታችሁ ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገሉት። የጎማ እግሮቹ ወይም ስቲከሩ ሥር የተደበቀ ብሎን ይኖራል። ዳር ዳሩን ደግሞ ጊዜው ባለፈበት ኤቲኤም ካርድ ቀስ እያላችሁ አላቁት።

ውስጥ ያለ ባትሪ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ከቦርዱ ንቀሉ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ከነብረት ማቀፊያው አውጡ። ማቀፊያውን ፈትታችሁ ኤስኤስዲው ላይ እሰሩት። አንዳንድ ድሮ የተሠሩ ላፕቶፖች 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ዲስክ ስለተዘጋጁ 7 ሚሊሜትሩ ኤስኤስዲ ሊወዛወዝ ይችላል፤ ማሸጊያው ውስጥ አንዳንዴ የምትገኘው የፕላስቲክ ፍሬም ለዚህ ናት። ሲሰካ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ እምቢ ካለ በኃይል አትጫኑት።

ተከፍቶ እያለ ፋኑን በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። ከዚያ የነቀላችሁትን የባትሪ ገመድ መልሳችሁ ሰኩና ክዳኑን ግጠሙ።

6. ዊንዶውሱን ጫኑ

ባትሪው እንዲሞላ አድርጉ፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ እንዳትጨነቁ። ፍላሹን ሰክታችሁ አብሩትና የቡት ሜኑውን (ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ገጽ) ክፈቱ። ቁልፉ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ነው።

የምርት ቁልፍ ሲጠይቃችሁ «የለኝም» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውሱ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነ ከሆነ ፈቃዱ የተያያዘው ከቦርዱ ጋር ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይመለሳል። የዊንዶውሱ ዓይነት ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ምረጡ። ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ አዲሱ ዲስክ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። እሱን መርጣችሁ ቀጥሉ። አሮጌው ዲስክ ውጭ ስለሆነ በስህተት የሚጠፋ ነገር የለም።

ዊንዶውስ 11 በመሀል ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ የዋይፋዩ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ደግሞ ገና ላይኖር ይችላል። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማካፈያውን) አብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያገኘዋል።

7. ከተነሳ በኋላ

መጀመሪያ ኔትወርኩን «ሚተርድ» (በጥቅል የሚቆጠር) አድርጉት። ካልሆነ አፕዴቱ ጥቅላችሁን ሳትሰሙት ይጨርሰዋል። ድራይቨሮቹን ከአፕዴት፣ የጎደለውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አምጡ። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ ራሱ አለ፤ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋ አማርኛን ጨምሩ። ለቆዩት ጽሑፎች የገለበጣችኋቸውን ፎንቶች ጫኑ።

ኤስኤስዲ ላይ የዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን የሚያሰባስብ) ፕሮግራም አታሠሩ፤ የሚያስፈልገውን ዊንዶውስ ራሱ ይሠራል። ጥቂት ቦታም ባዶ ተዉለት። ባክአፕ ማድረግንም አትተዉ። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ የለውም፣ አንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። ከላዩ የተሰረዘ ፋይልንም መመለስ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል።

8. የድሮው ሃርድ ዲስክስ?

ለአንድ ወር ያህል እንዳለ አስቀምጡት። የተረሳ ፋይል ሁልጊዜ አለ፤ የሚታወሰው ደግሞ ቆይቶ ነው። ከዚያ ጤነኛ ከሆነ የ2.5 ኢንች ኬዝ ገዝታችሁ ኤክስተርናል አድርጉት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በቢጫ ካስጠነቀቀ ግን ብቸኛ ኮፒ የሆነ ፋይል አታስቀምጡበት። ልትሸጡት ወይም ለሰው ልትሰጡት ከሆነ ፎርማት ስታደርጉት «ኩዊክ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ፈጣኑ ፎርማት ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያጠፋው፣ ፎቶዎቻችሁ እዚያው ይቀራሉ።